ፓስፖርቱ ትክክል ሆኖ ሰውየው ለምን ይመለሳል?

በየአውሮፕላን ማረፊያው በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፓስፖርቱ እውነተኛ ነው፣ ቪዛው ቀኑ አላለፈም፣ የትኬቱ ሒሳብ ተከፍሏል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ግን የቼክ ኢን ሠራተኛዋ ስክሪኗን ደጋግማ አይታ፣ አለቃዋን ጠርታ፣ "ይቅርታ፣ መሳፈር አይችሉም" ትላለች። ሰውየው ፓስፖርቱን ገልጦ ፎቶውን ያሳያል፤ "እኔ እኮ ነኝ!" ይላል። እሱ አይደለህም ያለው የለም። የተከለከለው በሌላ ምክንያት ነው፤ ያንን ምክንያት ረጋ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልናገር። ፓስፖርት በባለቤቱ ኪስ ይቀመጥ እንጂ ንግግሩ በሁለት መንግሥታት መካከል ነው። አንዱ መንግሥት ለሌላው "ይህ ሰው የእኔ ዜጋ ነው፤ ብትመልሰው እቀበለዋለሁ" ይለዋል። ቃሉ እዚያ ላይ ያበቃል። ብዙዎቹ ፓስፖርቶች የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ባለቤቱ ያለ እክል እንዲያልፍ በትሕትና ይጠይቃሉ፤ ጥያቄ ግን ግዴታ አይደለም። ዘመናዊዎቹ ማሽኖች የሚያጣሩትም ይህ ቃል በእርግጥ ከዚያ መንግሥት የወጣ መሆኑን ነው። በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ከድንበሩ እየራቀ፣ ወደ ተጓዡ መነሻ እየቀረበ መጥቷል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ለጊዜው ነው" ተብሎ የመጣ ደብተር

ብዙ ሰው ፓስፖርት ከጥንት የነበረ ይመስለዋል። መንገደኛን "አትንኩት፣ አሳልፉት" የሚል የንጉሥ ደብዳቤ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ ያለ እሱ ድንበር የማይታለፍበት ደብተር ግን ዕድሜው ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባቡር ሰውን በብዛት ማመላለስ ሲጀምር፣ አብዛኛው የአውሮፓ አገር ፓስፖርት መጠየቁን ትቶት ነበር። ሩሲያና የኦቶማን ግዛት ናቸው አጥብቀው ይጠይቁ የነበሩት። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥታት ሰላይ እንዳይገባ፣ ለጦር የሚፈለግ ወጣትም እንዳይወጣ ብለው ቁጥጥሩን መለሱት። ፎቶግራፍ ፓስፖርት ላይ መለጠፍ የተለመደው ያኔ ነው። ሁሉም ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ የታሰበ ነበር። ጦርነቱ በ1918 አበቃ፤ ቁጥጥሩ ግን ባለበት ቀጠለ።

በ1920 በሊግ ኦፍ ኔሽንስ፣ ማለትም በመንግሥታቱ ማኅበር፣ ጥሪ ፓሪስ ላይ የፓስፖርት ጉባኤ ተደረገ። ተሰብሳቢዎቹ ወደ ፊት ቁጥጥሩ ጨርሶ እንዲቀር ይመኙ ነበር፤ እስከዚያው ድረስ ግን ሁሉም አገር አንድ ዓይነት ደብተር ቢኖረው ይሻላል አሉ። ደብተሩ 32 ገጽ ኖሮት፣ 15.5 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ በፈረንሳይኛና ቢያንስ በሌላ አንድ ቋንቋ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። "እስከዚያው" የተባለው ነገር ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ፓስፖርት የመንግሥት ቃል መሆኑ ወለል ብሎ የታየው ግን ቃል የሚሰጥላቸው መንግሥት ባጡ ሰዎች ላይ ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ አገር ጥለው የወጡትን ሰዎች አዲሱ መንግሥት ዜግነታቸውን ገፈፋቸው። ሰዎቹ ስም አላቸው፣ ሙያ አላቸው፣ ፊት አላቸው፤ "የእኔ ናቸው" የሚል መንግሥት ግን የላቸውም። በ1922 ኖርዌያዊው አሳሽና የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ፍሪድትዮፍ ናንሰን ለእነዚህ ሰዎች የጉዞ ወረቀት እንዲሰጥ አደረገ፤ የናንሰን ፓስፖርት የሚባለው ነው። ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት፣ 450 ሺህ ያህል ሰዎችም ያዙት። ከእነሱ መካከል የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ይገኙበታል። ወረቀቱ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ፣ የሰጠው አገር ራሱ ባለቤቱን መልሶ ለመቀበል አይገደድም ነበር። ስለዚህ ሌሎች አገሮች ሰውየውን ለማስገባት ይፈሩ ነበር፤ ከገባ ወዴት ይመልሱታል?

ይህ ጥያቄ ዛሬም የኢሚግሬሽን ሥራ ሁሉ እምብርት ነው። በ1948 የወጣው ሁሉን አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው ከየትኛውም አገር፣ ከራሱም አገር ጭምር፣ የመውጣትና ወደ ራሱ አገር የመመለስ መብት አለው ይላል። ወደ ሌላ አገር የመግባት መብት ግን አልተጻፈም። መውጣት መብት፣ መግባት ፈቃድ ነው። ሰው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ የሚቆምበት መሬት እንደሌለ እያወቅን የኖርንበት ሕግ ይህ ነው፤ እኔ በበኩሌ የዘመናችን ትልቁ ያልተፈታ ቋጠሮ ይመስለኛል።

ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች

አሁን ፓስፖርቱን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸው፣ መሐል መሐላቸው በግራ ቀስት ምልክት የተሞላ ሁለት መስመሮች አሉ። በእያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለ። ይህን አጻጻፍ ያወጣው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ ነው። ደንቡን በ1980 አወጣ፤ በማሽን የማይነበብ ፓስፖርት ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ ሥራ ላይ እንዳይኖርም ወሰነ።

የላይኛው መስመር የሰነዱን ዓይነት፣ የሰጠውን አገር በሦስት ፊደል፣ ከዚያ ስም ይዟል። ለስም የተተወው ቦታ 39 ነው። የተፈቀዱት ደግሞ 26ቱ የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው። ስሙ ከዚያ ከረዘመ ይቆረጣል፤ በሌላ ፊደል የሚጻፍ ከሆነ ወደ ላቲን ይገለበጣል። ኢካኦ ሩሲያኛና መሰሎቹ ለሚጻፉበት ለሲሪሊክ እንዲሁም ለዓረብኛ ፊደላት የመገልበጫ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ ቢሆንም አንዱ ስም በልደት ካርድ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ፣ በትኬት ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ መገኘቱ አልቀረም። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰውም አለ፤ ፎርሙ ግን ባዶ ቦታ አይወድም። እንግዲህ ከቼክ ኢን ጠረጴዛው ላይ ከሚነሡት ጣጣዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ትኬት ሲቆረጥ ስሙ መገልበጥ ያለበት ከሁለቱ መስመሮች ነው፤ ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነውና።

የታችኛው መስመር የፓስፖርቱን ቁጥር፣ ዜግነትን፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና የሚያበቃበትን ቀን ይዟል። ከአንዳንዶቹ ኋላ ምንም የማይመስል አንድ ትርፍ ቁጥር ይታያል። ይህ መቆጣጠሪያ ቁጥር ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጥ ይችላል። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የተወለደ ሰው እንውሰድ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል 900115 ተብሎ ይጻፋል። ማሽኑ አኃዞቹን ከግራ ጀምሮ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ያባዛቸዋል። 9 በ7 ሲባዛ 63። ሁለቱ ዜሮዎች ያው ዜሮ ናቸው። 1 በ7፣ 7። 1 በ3፣ 3። 5 በ1፣ 5። ድምሩ 78 ነው፤ ለ10 ሲካፈል ቀሪው 8። ስለዚህ ከልደቱ ቀጥሎ 8 ይታተማል።

አሁን ጸሐፊው ወይም ካሜራው ተሳስቶ 15ን 51 አድርጎ ያንብበው እንበል። ድምሩ 86 ይሆናል፣ ቀሪው 6። የታተመው 8 ነው፤ አይገጥምም። ማሽኑም "እንደገና አስገባ" ይላል። አንድ አኃዝ ብቻ በሌላ አኃዝ ከተተካ ይህ ስሌት ሁልጊዜ ይይዘዋል። የማይዘው ጎን ለጎን ያሉ፣ ልዩነታቸው 5 የሆነ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ነው፤ ለምሳሌ 1 እና 6። ይህችን ትንሽ ስሌት ወድጄ የጠቀስኳት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሕተትን ትይዛለች፣ ውሸትን ግን አትይዝም። አጭበርባሪም ማባዛት ያውቃል። ውሸትን ለመያዝ ሌላ ነገር አስፈለገ።

ቺፑ የያዘው ፊርማ

ያ ሌላ ነገር ቺፑ፣ ደብተሩ ውስጥ የተቀበረው መረጃ ያዥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ፣ ነው። ማሌዥያ በ1998 ቺፕ ያለው ፓስፖርት አወጣች፤ የኢካኦን ደረጃ የተከተለውን ደግሞ በ2004 ቤልጂየም መስጠት ጀመረች። አሁን ከ140 በላይ አገሮች ይሰጣሉ። ሽፋኑ ላይ የምትታየው፣ አራት ማዕዘን ውስጥ ክብ ያለባት ትንሽ ምልክት "ውስጤ ቺፕ አለ" ማለቷ ነው።

ቺፑ ባትሪ የለውም። አንባቢው መሣሪያ በ13.56 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሲነካው ኃይል ያገኛል፣ ነቅቶም ይናገራል። ዝም ብሎ ግን አይናገርም፤ መጀመሪያ ቁልፍ ይጠይቃል። በብዙዎቹ ፓስፖርቶች ያ ቁልፍ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው፦ ከፓስፖርቱ ቁጥር፣ ከልደት ቀንና ከሚያበቃበት ቀን። ሦስቱም የታችኛው መስመር ላይ አሉ። ማሽኑ በመጀመሪያ ገጹን ገልጠን እንድናስቀምጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ገጹን ያላየ መንገደኛ አጠገባችን ቆሞ ቺፑን ሊያነብ አይችልም። እንግዲያው ያንን ገጽ ፎቶ እያነሣን ለማናውቀው ሰው በስልክ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። ፎቶው የደረሰው ሰው ቺፑን ለማንበብ ደብተሩ አጠገብ መድረስ ይጠበቅበታል፤ ቁልፉን ግን እኛው ሰጥተነዋል።

ቺፑ ውስጥ ያለው ያው የሁለቱ መስመሮች ጽሑፍና የፊት ፎቶ ነው፤ አንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ አብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አባላት፣ የጣት አሻራም ይጨምራሉ። ትልቁ ጉዳይ ግን አብሮት ያለው የዲጂታል ፊርማ ነው። እያንዳንዱ መንግሥት ማንም የማያየው የምስጢር ቁልፍ አለው፤ መረጃው በዚያ ቁልፍ ይፈረማል። የዚህ ጥንድ የሆነው ይፋዊ ቁልፍ ለሌሎች አገሮች ይሰጣል። ድንበር ላይ ያለው ማሽን በይፋዊው ቁልፍ ፊርማውን ያጣራል። አንዲት ፊደል ወይም ከፎቶው አንዲት ነጥብ ከተነካች ፊርማው ይፈርሳል። ቃሉን የሰጠው ያ መንግሥት ራሱ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተጓዥ የማያውቀው እንቅፋት አለ። ማሽኑ ፊርማውን ለማጣራት የዚያን አገር ይፋዊ ቁልፍ ቀድሞ ማግኘት አለበት። ኢካኦ ለዚህ ሲባል ከ2007 ጀምሮ የቁልፎች መለዋወጫ ማውጫ ያስተዳድራል፤ ሁሉም አገር ግን አባል አይደለም። መንግሥቱ ቁልፉን ለሌሎች በአግባቡ ካላደረሰ፣ ቺፑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ማሽኑ "ልመሰክር አልችልም" ይላል። ያኔ ተጓዡ ወደ ረጅሙ ሰልፍ፣ ወደ ተጨማሪው ጥያቄ ይላካል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የሚቆመው ግን እሱ ነው።

ማሽኑ ፊትን ሲያይ

ፊርማው ልክ ሆኖ ሲገኝ የሚቀረው "ቃሉ የተሰጠው ለዚህ ሰው ነው ወይ?" የሚለው ነው። ካሜራው ፊታችንን ያነሣና ቺፑ ውስጥ ካለው ፎቶ ጋር ያነጻጽራል። መልሱ "አዎ" ወይም "አይደለም" አይደለም፤ የመመሳሰል ነጥብ ነው። ከስንት ነጥብ በላይ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ገደቡ ከፍ ሲል ትክክለኛው ባለቤት ይመለሳል፤ ዝቅ ሲል ተመሳሳይ ፊት ያለው ሌላ ሰው ያልፋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት አይቻልም።

ደግሞ ስሕተቱ በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 የ99 አምራቾችን 189 የፊት መለያ ስልቶች ፈትኖ ባወጣው ሪፖርት፣ ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ሰዎችን ፊት ከሌላ ሰው ፊት ጋር የማምታታት ዕድላቸው ከነጮች ፊት ጋር ሲነጻጸር እንደ ስልቱ ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በጣም ጥሩዎቹ ስልቶች ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነበር። ስለዚህ የትኛው ተገዛ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በሩ ፊት የቆመው ሰው ግን የትኛው እንደተገጠመ አይነገረውም።

እውነተኛ ፓስፖርት በሌላ ሰው እጅ ሲገኝስ? በማርች 2014 239 ሰዎችን አሳፍሮ የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን ላይ ሁለት ተሳፋሪዎች የሌላ ሰው ፓስፖርት ይዘው ነበር፤ አንዱ የኦስትሪያ፣ አንዱ የጣሊያን። ሁለቱም ደብተሮች ታይላንድ ውስጥ የተሰረቁ ነበሩ፤ ሁለቱም በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት፣ በኢንተርፖል፣ የጠፉና የተሰረቁ ሰነዶች መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። መዝገቡ በ2002 የተጀመረ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ግን አይቶ የጠየቀ አልነበረም። ዓለም ለጥቂት ቀናት አሸባሪዎች መሰሉት። በኋላ ሲጣራ ጥገኝነት ፍለጋ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ ኢራናውያን ሆነው ተገኙ፤ የአንደኛው ወጣት እናት ፍራንክፈርት ሆና ትጠብቀው ነበር። ያንን ታሪክ ሳስብ ከደኅንነቱ ጉድለት ይልቅ አንድ ጥያቄ ያስቸግረኛል፦ ያ ልጅ በራሱ ስም ለምን መሳፈር አልቻለም?

ድንበሩ ያለው ቼክ ኢኑ ጋ ነው

መልሱ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ይመልሰናል። ብዙ አገሮች በቂ ሰነድ የሌለውን ሰው ያመጣ አየር መንገድ እንዲቀጣ፣ ሰውየውንም በራሱ ወጪ እንዲመልስ የሚያደርግ ሕግ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ፣ አባል አገሮች ጣሪያ ካበጁ ከፍተኛው ቅጣት በአንድ ተሳፋሪ ከ5,000 ዩሮ እንዳያንስ፣ ወለል ካበጁ ደግሞ ዝቅተኛው ከ3,000 ዩሮ እንዳያንስ ደንግጓል። በዚህ ምክንያት የሌላ አገር ድንበር ጠባቂ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች የአየር መንገድ ሠራተኛ ትሠራዋለች። ስክሪኗ ላይ የምታየው ብዙ ጊዜ ቲማቲክ የሚባለውን፣ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ የአያታ፣ መረጃ ነው። ዜግነት፣ መድረሻ፣ መሸጋገሪያ ሲገባበት ምን እንደሚያስፈልግ ይናገራል።

የሠራተኛዋን ሁኔታ ልብ ብለን እናስበው። መሳፈር የማይገባውን ብታሳፍር ኩባንያዋ ይቀጣል። መሳፈር የሚገባውን ብትመልስ በዚያው ሰዓት የሚጠይቃት የለም። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ በረራው ሊዘጋ ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የቆመ ማንኛውም ሰው ሲጠራጠር ወደ ክልከላው ያዘነብላል። ሠራተኞቹ ላይ መጮኽ ለዚህ ነው ትርጉም የሌለው፤ ያዘነበለው ሚዛኑ ነው። ደግነቱ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 አየር መንገዱ "ሰነዱ አይበቃም" ማለቱ ብቻ ተሳፋሪውን መብቱን አያሳጣውም፤ ክልከላው ተገቢ መሆኑን ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል ብሏል። ስለዚህ የተመለሰ ሰው የክልከላውን ምክንያት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ያ ወረቀት ከሌለ በኋላ የሚጨበጥ ነገር የለም።

በራሱ አገር ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የለውም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ ከአደጋ በቀጥታ ሸሽቶ የመጣ ሰው ያለ ፈቃድ በመግባቱ ብቻ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ጥበቃው የሚጀምረው ግን ሲደርስ ነው። አየር መንገዱ እንዳይሳፈር ካደረገው አይደርስም፤ ካልደረሰ ጥገኝነት መጠየቅ አይችልም። የጥገኝነት ሕጉ አንድ ቃል ሳይነካ፣ በሩ ግን ከመነሻው ተዘጋ። ባሕርና በረሃ የሚያቋርጡ ብዙዎች የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ከሚከፈለው በላይ ለደላላ የሚከፍሉት፣ አውሮፕላኑን ጠልተው አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስመልሱትን ደንቦች እንመልከት፤ ሁሉም ከዚያ "እቀበለዋለሁ" ከሚለው ቃል የሚመነጩ ናቸው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ 6 ወር የሚቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ። እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ የሼንገን አገሮች የሚባሉት፣ ከመውጫው ቀን በኋላ 3 ወር እንዲቀረው፣ ደብተሩም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ እንዲሆን ይሻሉ። ሰውየው ለአንድ ሳምንት እየሄደ 6 ወር ለምን? ቢታመም፣ ቢታሰር ወይም አልወጣም ቢል፣ የሚመልሰው አገር "እቀበለዋለሁ" የሚለው ቃል ጊዜው እንዳያልፍበት ስለሚፈልግ ነው። የመመለሻ ትኬት የሚጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትራንዚት ላይም ያው ነው፤ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመሸጋገር ብቻ ቪዛ የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ ሰዎች መድረሻውን አጣርተው መሸጋገሪያውን ይረሱታል። ቪዛ ራሱም ቢሆን ድንበር ላይ ቀርቦ ለመጠየቅ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ነው።

ይህ ሁሉ በሰው ሁሉ ላይ እኩል ቢጫን አንድ ነገር ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጡ የፓስፖርት ደረጃዎች እንደሚያሳዩት የሲንጋፖር ፓስፖርት ያለው ሰው ቀድሞ ቪዛ ሳይጠይቅ ከ190 በላይ ቦታዎች መግባት ይችላል፤ የአፍጋኒስታን ፓስፖርት ያለው ከ30 በታች። ቺፑ አንድ ነው፣ ደንቡ አንድ ነው፣ የልደት ቀኑ ስሌት አንድ ነው። የተለየው ቃሉን የሰጠው መንግሥት ያለው ሚዛን ነው፤ ሰላሙ፣ ሀብቱ፣ ዜጎቹ ከተፈቀደላቸው ጊዜ በላይ መቆየት አለመቆየታቸው። አንዲት ሐኪም ለስብሰባ ስትሄድ የምትመዘነው ከእሷ በፊት በሄዱ፣ በማታውቃቸው ሰዎች ነው። ይህን ተፈጥሯዊ ነገር አድርጎ መቀበል ይከብደኛል።

ማኅተሙ ሲቀር

አሁን ነገሩ እንደገና እየተለወጠ ነው። ፊንላንድ በ2023 ፓስፖርትን በስልክ የመያዝ ሙከራ ከሄልሲንኪ ወደ ብሪታንያ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ጀምራ ነበር፤ ተጓዡ መረጃውን ቀድሞ ይልካል፣ ድንበር ሲደርስ የሚቀረው ፊቱን ማሳየት ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ኦክቶበር 12 ቀን 2025 በ29 የአውሮፓ አገሮች በየደረጃው የተጀመረው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት ነው። ከኅብረቱ ውጭ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው ፊቱን ይነሣል፣ ቪዛ የማያስፈልገው ከሆነ የአራት ጣቶቹንም አሻራ ያስመዘግባል፤ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አሻራ አይሰጡም። ፓስፖርት ላይ ይመታ የነበረው ማኅተም በዚህ ይተካል። በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አለመቆየቱን የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ነው።

ጥቅሙ እውነት ነው። የደበዘዘ ማኅተም ማንበብ ቀርቷል፤ በሌላ ሰው ፓስፖርት መግባትም ከብዷል። ነገር ግን ማኅተሙ አንድ የማይተካ ነገር ነበረው፤ በተጓዡ እጅ የሚቀር ማስረጃ መሆኑ። "በዚህ ቀን ወጥቻለሁ፣ ይኸው" ማለት ይቻል ነበር። አሁን ማስረጃው ያለው መንግሥት ዘንድ ነው። መዝገቡ በመደበኛው 3 ዓመት ይቆያል፤ የመውጫ ምዝገባ ካልተገኘ ግን 5 ዓመት። ሥርዓቱ የተጓዡን መውጣት ሳይመዘግብ ከቀረ፣ ሰውየው አገሩ ገብቶ ተኝቶ እያለ በመዝገቡ ላይ ጊዜ አሳልፎ የተቀመጠ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ቪዛ ሲያመለክት ነው የሚያውቀው።

ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቷል። ተጓዡ ስለ እሱ የተመዘገበውን የማየት፣ ስሕተት ከሆነ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። በጊዜው መውጣቱን የሚያሳይ ታማኝ ማስረጃ ካቀረበም መዝገቡ ይስተካከላል፤ የጉዞ ትኬት ወይም በዚያን ጊዜ ሌላ አገር እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ይበቃል። ስለዚህ ከአውሮፕላን እንደወረድን የምንጥለውን ቦርዲንግ ፓስ ማስቀመጥ ነው፤ በስልክ የመጣ ከሆነም በረራው ሲያልፍ ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶ አድርጎ ማኖር። ልጆች ይዘን ከተጓዝን ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ፤ መዝገቡ ለየብቻ ነውና።